ጠዋት አልነሳ ያለችው ሃይሉክስ፦ የደብረ ብርሃን የብርድ ማስታወሻ

ኅዳር 9

ዛሬም ጉድ ሠራችኝ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። የግቢው ሣር አመዳይ ለብሶ ነጭቷል። በረንዳው ላይ የሰቀልኳት ቴርሞሜትር 2 ዲግሪ ታሳያለች። ቁልፉን ስጠመዝዝ ሞተሪኖው፣ ማለትም ማስነሻ ሞተሩ፣ እያቃሰተ አዞረ። ከኋላ ነጭ ጭስ ተግተለተለ። ዓይን የሚያቃጥል፣ ያልነደደ ናፍጣ የሚሸት ጭስ። አንዴ የተነሳች መሰለችና ተንገዳግዳ ጠፋች። በአራተኛው ሙከራ ባትሪው ተኛ። ልጆቹን በባጃጅ ትምህርት ቤት ላክኋቸው። እኔም ሥራ ረፈደብኝ።

መኪናዋ ሃይሉክስ ፒክ አፕ ናት፤ በፈረንጆቹ የ1995 ሥሪት። ሞተሩ ስሪ ኤል ነው፤ 2,779 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር። ኮምፒውተር የሚባል ነገር አልነካውም። አዲስ አበባ ሳለች እንከን አልነበረባትም። ደብረ ብርሃን ካመጣኋት ወዲህ ግን ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ ጠዋት ጠዋት ታምፃለች። ረፋድ ላይ ፀሐይ ከመታት በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። አምና በመግፋት አለፍነው። ዘንድሮ መግፋቱም አልበጀ።

ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት ግራ ስለገባኝ ነው። ሦስት ሰው ሦስት ነገር ነገረኝ። የቱን ሞክሬ የቱን እንደተውኩ እንኳ እየጠፋብኝ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቀኑን፣ ዲግሪውን፣ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ኅዳር 10

ጋራዥ ወሰድኳት። ካንዴሌታዎቹን፣ ማለትም ከመነሳቷ በፊት ሲሊንደሮቹን የሚያግሉትን ዘንጎች፣ ፈተው በቀዳዳው በኩል የኮምፕረሽን (የሲሊንደር ግፊት) መለኪያ አሰሩ። 18፣ 17፣ 18፣ 16 ኪሎ። መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ። "መጽሐፉ ጤነኛ ሞተር 32 ነው ይላል። ከ20 ከወረደ ሞተሩ አልቋል። ይውረድና ፒስተንና ቀለበት ይቀየር" አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ ልቤ ቀጥ አለ። እዚህ አልጽፈውም፤ ባለቤቴ ይህን ደብተር ታነባለች።

የተናገረው ቁጥር ትክክል ነው። የአምራቹ መመሪያ 32 ይላል፤ ዝቅተኛው ገደብ 20። አሳቢ ሰውም ይመስላል። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሲለካ ሞተሪኖው የሚያዞረው እንደ ጠዋቱ በዝግታ ነበር። ባትሪዬ ገና ከትናንቱ ድካም አልተመለሰም።

"ላስብበት" ብዬ መኪናዬን ይዤ ወጣሁ።

ኅዳር 11

ጎረቤቴ ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲያዩኝ ቆይተው መጡ። ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። በፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ዘመን የአሰብን መንገድ ሲመላለሱ የኖሩ። እሳቸው ጋ የመኪና ወሬ ከተነሳ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ አይቆምም።

"እኛ ድሮ ጣርማ በር ላይ ካደርን ከዘይቱ ቋት ሥር ፍም እናደርግ ነበር" አሉኝ። "ዘይቱ ሲላላ ሞተሩም ይላላል።"

"እርስዎ ጋ ይሠራ ነበር?"

"ይሠራል። አንዳንዴ መኪናውንም ያቃጥላል።"

ከዚያ ቁም ነገሩን ነገሩኝ። "መጀመሪያ ጭሱን እይ ልጄ። ሞተሪኖው እያዞረ ጭስ ካለ ናፍጣው ደርሷል፤ የጎደለው ሙቀት ነው። ጭስ ከሌለ ግን ናፍጣው ራሱ አልመጣም። ሁለቱን ካቀላቀልክ ዕድሜህን ስትፈታ ትኖራለህ።"

የእኔው ጭስ ነጭና ብዙ ነው። እንግዲህ የጎደለው ሙቀት ነው ማለት ነው። ይህቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ከጋራዡ የበለጠ ጠቀመችኝ።

አንድ ምክራቸውን ግን አልተቀበልኩም። ናፍጣው በብርድ ረግቶ ይሆናል፤ ነጭ ጋዝ ቀላቅልበት ብለውኛል። ዝም ብሎ ከመቀላቀል ብዬ ከጋኑ ቀድቼ በማር ጠርሙስ ውጭ አሳደርኩት።

ኅዳር 12

ጠዋት 1 ዲግሪ። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቼ አየሁት። ጥርት ያለ ነው። ሰም የለ፣ ደመና የለ። የኔ ናፍጣ በእኛ ብርድ አይረጋም። ነጭ ጋዙ ለፋኖሱ ይቆይ።

መኪናዋ አልተነሳችም። ሚካኤል ስለሆነ እኔም መፍቻ አላነሳሁም።

ኅዳር 14

ሸዋ ሮቢት የቤተሰብ ጉዳይ ነበረኝ። ረፋድ ላይ ተነስታ ጣርማ በርን አልፋ፣ ደብረ ሲናን ወርዳ ያለ አንዳች ቅሬታ ደረሰች። እዚያው አደርን። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ቢሆን ነው። በሸሚዝ የሚታደርበት አገር።

ኅዳር 15

ሸዋ ሮቢት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት። ካንዴሌታ ሳላግል ቁልፉን አዞርኩ። ግማሽ ዙር። ተነሳች! ጭስም የላት።

ደስ ብሎኝ ለጋሼ ደወልኩላቸው። "በሙቀትማ ማን የማይነሳ አለ? እኔም ቆላ ስወርድ የጉልበቴ ሕመም ይለቀኛል" ብለው ደስታዬን ቀዘቀዙት። እውነታቸውን ነው። የደከመ ሞተርም በሙቀት ይነሳል። ማስረጃ አይሆንም። ተስፋ ግን ይሆናል።

ኅዳር 17

ዛሬ ከመጨረሻው ሳይሆን ከመጀመሪያው ልጀምር አልኩ። ባትሪ።

ማታ ቻርጅ አድርጌው ነበር። ጠዋት፣ 3 ዲግሪ፣ በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልት። ሙሉ ነው። ልጄን ቁልፉን እንዲያዞር አድርጌ እኔ ቴስተሩን ያዝኩ። ሲያዞር ባትሪው ላይ 9.9። መጥፎ አይደለም። ሞተሪኖው ግን አሁንም እያቃሰተ ነው። ባትሪው ላይ ኃይሉ አለ፣ ሞተሪኖው ጋ ግን አልደረሰም። መንገድ ላይ የሚበላው ነገር አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የተማርኳትን ዘዴ ልጻፋት። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ራሱ ሞተሩ ብረት ላይ አደረግኩ። ልጄ ሲያዞር ቴስተሩ ዜሮ አካባቢ ማሳየት ነበረበት። ያሳየው 1.4 ቮልት ነው! ከኔጌቲቩ ወደ ሞተሩ ብረት በሚሄደው የማሳ ገመድ ላይ ብቻ ይህን ያህል ይጠፋል።

ገመዱን ተከትዬ ወረድኩ። ሞተሩ ላይ የታሰረበት ቡሎን በዘይትና በአፈር ተለብጧል። ሥሩ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። ፈታሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈተግኩት። ገመዱ ራሱ ከላስቲኩ ውስጥ ጠቁሮ ስለነበር በአዲስና ወፍራም ገመድ ቀየርኩት። ፖዘቲቩንም አጸዳሁ።

እንደገና ስለካው 0.2 ቮልት። ሞተሪኖውማ ሌላ ሞተሪኖ መሰለ። ልጄ "አባዬ፣ ተናደደች" አለ።

ጭሱ አልጠፋም። ግን በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች። ሳትገፋ! በኅዳር ጠዋት!

ኅዳር 18

4 ዲግሪ። ሁለተኛ ሙከራ ላይ ተነሳች። በአራት ሲሊንደር ሳይሆን በሁለት የተነሳች ይመስላል። ገደል ላይ እንደሚሮጥ አንካሳ በቅሎ እየተንገጫገጨች፣ ሰፈሩን በጭስ ሞላችው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ተስተካከለች።

ኅዳር 19

ዘይት ቀየርኩ። ስገዛት ሃያ ደብልዩ ሃምሳ ነበር ያለባት። አሁን አሥራ አምስት ደብልዩ አርባ አደረግኩ። ለእኛ ጠዋት ቀጠን ያለው ይሻላል። ከዚህ በላይ የምጽፈው የለም።

ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም። እጄን ሰበሰብኩ።

ኅዳር 23

ዛሬ የረዥም ቀን ማስታወሻ ነው።

ከሥራ መልስ፣ ሞተሩ ገና ትኩስ እያለ ካንዴሌታዎቹን ፈታሁ። ትኩስ መሆኑ ግድ ነው። ቀዝቅዞ ሲታገሉት ካንዴሌታ ተሰብሮ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ይቀራል፤ ያኔ በእውነት ሞተር ማውረድ ይመጣል። ማታውኑ የዝገት ማላቀቂያ ረጭቼባቸው ነበር። እየፈታሁ፣ እየመለስኩ፣ ትንሽ ትንሽ እያልኩ አወጣኋቸው።

ከዚያ የኮምፕረሽን መለኪያ ከአንድ ጓደኛዬ ተውሼ እኔው ልለካ ተነሳሁ። የናፍጣ ፖምፓውን ማጥፊያ ሽቦ ነቀልኩ፤ ናፍጣ እንዳይረጭ። ባትሪው ሙሉ፣ ማሳው ንጹሕ። አራቱንም አንድ በአንድ፦ 23፣ 22፣ 23፣ 21።

ከጋራዡ 18፣ 17፣ 18፣ 16 ጋር አስተያዩት። ሞተሩ ያው ነው። የተለየው የሚዞርበት ፍጥነት ብቻ ነው። መለኪያው ሞተሩ ቢያንስ በደቂቃ 250 ዙር እንዲዞር ይፈልጋል። ያን ዕለት የለኩት የሞተሬን ጤና ሳይሆን የማሳ ገመዴን ዝገት ኖሯል።

23ም ቢሆን ግን ከ32 በጣም ያንሳል። ማታ ኩራዝ እንዳለው ተማሪ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። መልሱ ድስት ላይ ነበር። ባለቤቴ "እዚህ አገር ባቄላ እንቢ አለኝ፣ አይበስልም" ትላለች። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ግፊቱ ከባሕር ወለሉ 72 በመቶ ቢሆን ነው። ውሃችን ገና ወደ 91 ዲግሪ ሲጠጋ ይፈላል፤ ባቄላው የሚዘገየው ለዚህ ነው። ሞተሩም የሚጨምቀው ይህንኑ ስስ አየር ነው። ሲጀመር የገባው 72 ከሆነ፣ ተጨምቆ የሚወጣውም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ሒሳቡን ሠራሁት። ባሕር ወለል ላይ 32 የሚያሳይ ሞተር፣ እኛ ጋ 23 አካባቢ ነው የሚያሳየው። ዝቅተኛው የ20 ገደብም እዚህ ወደ 14 ይወርዳል። የእኔ 23፣ 22፣ 23፣ 21 የአሮጊት ሳይሆን የጎልማሳ ቁጥር ነው። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውም ልዩነት 2 ብቻ። መመሪያው እስከ 5 ይፈቅዳል።

ባለቤቴን ቀስቅሼ ነገርኳት። "ሞተሩ ደህና ነው!" አልኳት። "ባቄላውስ?" አለችኝና ተገልብጣ ተኛች።

በነገራችን ላይ ስስ አየር ቁጥሩን ብቻ አይደለም የሚያሳንሰው። ናፍጣ ሞተር ብልጭታ የለውም። አየሩን 22 እጥፍ ጨምቆ በዚያ ግለት ናፍጣውን ያነዳል። ጠዋት ብረቱ በረዶ ነው፣ አየሩ ትንሽ ነው፤ ያቺው የተገኘች ግለት ወዲያው በብረቱ ትጠጣለች። ስለዚህ ቆላ ላይ ካንዴሌታ ሳይፈልግ የሚነሳ ሞተር ደጋ ላይ ያለ ካንዴሌታ ምንም ነው። ጉዳዩ ወደ ካንዴሌታዎቹ መጣ።

የፈታኋቸውን አራቱን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። የሙከራ አምፖል ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ እያንዳንዱ ራስ፣ አካላቸውን ከኔጌቲቭ ጋር። ሁለቱ አምፖሉን አበሩት። ሁለቱ ሞተዋል። አንዱማ ጫፉ ቀልጦ እንደ ተበላ ክብሪት ሆኗል። በሁለት እግሯ ስትነሳ የነበረው እንዲያው አይደለም።

ኅዳር 24

አራት አዲስ ካንዴሌታ ገዛሁ። ዋጋቸው የሳምንት አስቤዛ ነው። ማታ አሰርኳቸው።

ኅዳር 25

2 ዲግሪ። የካንዴሌታውን ቁልፍ ተጫንኩ። ስለ ቁልፏ እስካሁን አልጻፍኩም፤ ከመሪው ሥር ያለች ቀይ የበር ደወል መሳይ ነገር ናት። ቀድሞ የነበረው ሰው የፋብሪካው መቆጣጠሪያ ሲበላሽበት እሷን አስገብቶባታል። እንዲህ ያለ ቁልፍ በብዙ አሮጌ ሃይሉክስ ላይ አይቻለሁ። እስከ 15 ቆጠርኩ። አዞርኩ። በአንዴ ተነሳች! ጭስ የለ፣ መንገጫገጭ የለ። ጋሼ በአጥር በላይ እጃቸውን አነሱልኝ።

ኅዳር 26

ጭራሽ እንቢ አለች።

ፈታኋቸው። ሦስቱ ተቃጥለዋል። በአንድ ቀን! ሻጩን ልሰድበው ስል ካንዴሌታው ላይ የተጻፈውን ትንሽ ጽሑፍ አየሁ። 6 ቮልት ይላል። ሻጩ አልዋሸኝም፣ እኔ አልጠየቅኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶዮታ ለዚህ ሞተር ሁለት ዓይነት ካንዴሌታ አለው። የ6 ቮልቱ ቶሎ እንዲግል የተሠራ ነው፤ ለጥቂት ሰከንድ ሙሉ ኃይል ያገኝና መቆጣጠሪያው ወዲያው ይቀንስለታል። መቆጣጠሪያው ተነቅሎ በእጅ ቁልፍ ቀጥታ 12 ቮልት ሲለቀቅበትና እንደ እኔ ያለ ሰው 15 ሲቆጥር ይነድዳል። የእጅ ቁልፍ ያለው መኪና የሚፈልገው የ12 ቮልቱን ነው። ያ ቀልጦ የተገኘው አሮጌ ካንዴሌታም በዚሁ መንገድ ሳይሞት አልቀረም።

ባለቤቴ ደብተሩን ካነበበች፦ አዎ፣ ሁለት ሳምንት አስቤዛ ሆነ።

ኅዳር 28

የ12 ቮልቶቹን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ካሰርኳቸው በኋላ ግን የሽቦውን ነገር ላጣራ አልኩ። ቁልፏን ተጭኜ ባትሪው ላይ 12.1፣ ካንዴሌታዎቹ ላይ 9.1 ቮልት። ሦስት ቮልት መንገድ ላይ ቀረ። ሽቦውን ስነካው ይጋላል።

አራት ካንዴሌታ ገና ሲጀምር በአንድ ላይ ከ60 አምፔር በላይ ሊጠጣ ይችላል። ይህን ሁሉ በበር ደወል ቁልፍና በሬዲዮ ሽቦ ማለፍ የአባይን ውሃ በማንኪያ እንደ መቅዳት ነው። ቮልቱ በሩብ ሲያንስ ደግሞ ሙቀቱ በሩብ አይደለም የሚያንሰው፤ በግማሽ ገደማ ነው። ደህና ካንዴሌታ ቢኖረኝም ለብ ነበር የሚለው።

ከሰፈሩ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ትልቅ ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቁን ኃይል የሚያሳልፍ ማብሪያ፣ አስገባን። ወፍራም ገመድ ከባትሪው በፊውዝ በኩል ወደ ሪሌው፣ ከሪሌው ወደ ካንዴሌታዎቹ። ቀይዋ ቁልፍ አሁን ሪሌውን ብቻ ነው የምታዝዘው። ከሥራው በኋላ ካንዴሌታዎቹ ላይ 11.4።

ኅዳር 29

1 ዲግሪ። እስከ 15 ቆጥሬ አዞርኩ። ወዲያው ተነሳች።

ኅዳር 30

3 ዲግሪ። ወዲያው።

ታኅሣሥ 2

እዚህ ላይ ማስታወሻውን ልዘጋው ነበር። ግን ዛሬ አዲስ ጠባይ አመጣች። 0 ዲግሪ፤ የመኪናው መስታወት በረዶ ጋግሯል። ተነሳች፣ ሦስት ሰከንድ ሠራች፣ ጠፋች። እንደገና ሳዞር ሞተሪኖው በደንብ ይዞራል፣ እሷ ግን ዝም። ወደ ኋላ ሄጄ አየሁ። ጭስ የለም። ምንም!

የጋሼ ቃል ትዝ አለኝ። ጭስ ከሌለ ናፍጣው አልመጣም። ከኅዳሩ ጋር አንድ የሚመስለው ሕመም ሌላ ሕመም ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ስጫናት ልፍስፍስ ብላለች። ሠላሳ ጊዜ ያህል ከጨመቅኳት በኋላ ጠነከረች። ሳዞር ተነሳች።

ሌሊት ናፍጣው ወደ ጋኑ እየተመለሰ ነው። በቦታው አየር ይገባል።

ታኅሣሥ 4

ፊልትሮውን ቀየርኩ። ከሥሩ ያለውን ውሃም አፈሰስኩ፤ የሻይ ብርጭቆ ሩብ ያህል ወጣ። ለጠዋቱ ችግር ግን ለውጥ የለም።

ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው የሚሄደውን የጎማ ቱቦ አውጥቼ በግልጽ ፕላስቲክ ቱቦ ተካሁት፤ ለናፍጣ የሚሆን፣ ለሙከራ ያህል። ጠዋት ውስጡ ግማሹ ባዶ ነበር። ሲዞርም አረፋ ይግተለተላል። እንደ ጠላ።

አየሩ ከየት እንደሚገባ ግን አይነግረኝም። ከመኪናው ሥር ገብቼ ከጋኑ እስከ ፊልትሮው ድረስ በእጄ ዳሰስኩ። የትም እርጥበት የለም። ይህ መጀመሪያ አሳሳተኝ። በኋላ ነው የገባኝ። ይህ ፖምፓ ናፍጣውን ከጋኑ እየሳበ ነው የሚያመጣው። መስመሩ ላይ ቀዳዳ ካለ አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ ናፍጣ ወደ ውጭ አያንጠባጥብም። እርጥብ ቦታ የፈለግኩት በከንቱ ነው።

ታኅሣሥ 5

ጋኑን ልሻገረው። አምስት ሊትር ጀሪካን ናፍጣ ሞልቼ፣ ከሞተሩ ከፍ አድርጌ ኮፈኑ ሥር በገመድ አሰርኩ። ቱቦውን ቀጥታ ወደ ፊልትሮው። የመመለሻውንም ወደ ጀሪካኑ። ለሊት ሌባ ቢመጣ ሆስፒታል የገባ በሽተኛ ነው የሚመስለው፤ ግሉኮስ የተሰካበት።

ታኅሣሥ 6

0 ዲግሪ። በአንዴ ተነሳች፣ አልጠፋችም። ስለዚህ ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ ያለው መስመር ደህና ነው። ችግሩ ከጋኑ እስከ ፊልትሮው መሀል ነው። መንገዱ በግማሽ አጠረልኝ።

እሁድ ስለሆነ ከዚህ በላይ አልነካሁም።

ታኅሣሥ 8

ተገኘ! ጋኑ አጠገብ፣ የብረቱ ቧንቧ ከጎማ ቱቦ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ። ቱቦው ደርቋል፣ ጫፉ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለችው። ፋሸታውም (የቱቦው ማሰሪያ ቀለበት) ላልቷል። ቀን ቀን ጎማው ሲሞቅ ይለሰልስና ይገጥማል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደርቆ ይሸሻል። ብርዱ የሚያስነሳው በሽታ የመሰለኝ ለዚህ ነው። ሞተሩ ስለበረደው አልነበረም፤ ጎማው ስለበረደው ነው።

አንድ እጅ ቱቦና ሁለት ፋሸታ። ከሁሉም ርካሹ ዕቃ ይህ ሆነ። የእጅ ፖምፓዋን ጎማም አብሬ ቀየርኩ፤ አሮጌው ለዘር የማይሆን ነበር።

ታኅሣሥ 9

ጠዋት ግልጹን ቱቦ አየሁት። ሙሉ። አረፋ የለም። 2 ዲግሪ። ወዲያው ተነሳች።

ታኅሣሥ 12

ከዜሮ በታች ወረደ፤ ቴርሞሜትሩ አንድ መስመር አልፏል። የውጭው ቧንቧ ውሃ አልሰጥም አለ። እስከ 15 ሳልደርስ ባለቤቴ "ይበቃል፣ ሞክራት" አለችኝ። በ12ኛው ሞከርኩ። ተነሳች። መጀመሪያ ጥቂት ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ጥርት።

ጋራዡ ጎራ ብዬ ለመካኒኩ ሁሉንም ነገርኩት፤ በተለይ የ72 በመቶውን ነገር። አልተቀየመም። ዝም ብሎ ሰማኝና "ስንቱን አወረድነው ይሆን" አለ። ሻይ ጋበዘኝ።

ታኅሣሥ 14

አራተኛው ሲሊንደር 21 መሆኑ አሁንም ይከነክነኛል። የቫልቮላዎቹን (የሲሊንደሩ የአየር መግቢያና መውጫ ክዳኖች) ክፍተት ገና አልለካሁም። የጠበበ ካለ ጠዋት ላይ ኮምፕረሽን ይሰርቃል። ለገና ዕረፍት ቀጠርኩት። ግልጹን ቱቦ ግን ዛሬ አውጥቼ ትክክለኛውን የጎማ ቱቦ መለስኩ፤ ፕላስቲኩ በሞተሩ ሙቀት ይበላሻል።

ታኅሣሥ 19

ገብርኤል። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተን ጋሼንና እትዬን ይዘን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። መኪናዋ በጨለማ፣ በዚያ ውርጭ፣ በአንድ ጊዜ ተነሳች። ጋሼ ምንም አላሉም። ዳሽቦርዱን መታ መታ አደረጉት፣ እንደ በቅሎ አንገት።

ታኅሣሥ 20

ገና ቁርስ ሳንበላ በሩ ተንኳኳ። ከላይ ሰፈር ያለ ወጣት ነው። አይሱዙው እህል ጭኖ ሊወጣ ሲል አልነሳ ብሎታል። መካኒኩ ካንዴሌታ ነው ብሎት አራት አዲስ ገዝቷል። ጋሼ ናቸው ወደ እኔ የላኩት።

"ሲያዞር ጭስ ያወጣል?" አልኩት።

ትንሽ አሰበ። "ኧረ ምንም" አለኝ።

ካንዴሌታዎቹን ገና ካላሰራቸው እንዲመልሳቸው ነገርኩትና፣ ግልጹን ቱቦ ከመሳቢያ አውጥቼ ተከተልኩት።